ስድስት ዓመት የኖረው የሸክላ ቤት

የሰው ሥራ ሁሉ እንደ ዐይነቱ ዕድሜ አለው። ድንጋይ የጠረበ ሰው ሥራው ሺህ ዓመት ይቈይለታል፤ ብራና የጻፈ ሰው መጽሐፉ ለልጅ ልጅ ይተርፍለታል። ድምፁን ያሰማ ሰው ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቶ የሰሚውን ጆሮ እንደ ነካ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ዜማን ጠብቆ ለሚመጣው ትውልድ ማስተላለፍ በየአገሩ ብዙ ድካም የጠየቀ ነገር ሆኖ ኖሯል። በኢትዮጵያም የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ከቃሉ በላይ እየጻፉ እንዲጠበቅ አደረጉ። የዓለም ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም ነበርና፣ አዝማሪው በሞተ ጊዜ ዜማው አብሮት ይቀበር ነበር።

በፈረንጅ አገር ቶማስ ኤዲሶን በ1877 ድምፅን የሚቀርጽ መሣሪያ ሠራ፤ ዐሥር ዓመት ቈይቶም ኤሚል በርሊነር ድምፁ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ እንዲቀረጽ አደረገ። (በዚህ ጽሕፈት ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ይህንን ሰሌዳ የኢትዮጵያ ሰው «ሸክላ» ብሎ ሰየመው፤ የድሮው ሰሌዳ በእውነትም እንደ ሸክላ ዕቃ ከእጅ ቢያመልጥ ይሰበር ነበር። አዲሱ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ለመድረስ አልዘገየም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የሚላከውን መልእክት በቃላቸው ተናግረው በመሣሪያው አስቀርጸዋል። ከዚያም በኋላ ብዙ ሳይቈይ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። እንግዲህ ኢትዮጵያ ሸክላን ያወቀችው ከብዙ አገሮች ቀድማ ነው። ነገር ግን በገዛ ልጅዋ እጅ፣ ለገዛ ሕዝብዋ፣ የገዛ ዘመንዋን ዘፈን በሸክላ እያሳተመች ለመሸጥ ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነባት። የዚህ ታሪክ ነገር ይህ መዘግየት ከምን እንደ መጣ፣ ማንስ እንደ ሰበረው፣ የሰበረውም ሥራ ከምን እንደ ደረሰ የሚያስረዳ ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃ በአዲስ አበባ የበቀለው በመንግሥት አጥር ውስጥ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ አርባ የአርመን ልጆች ነሐስ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ እነዚህም «አርባ ልጆች» ተባሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ለብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የኖታን ትምህርት አስተማሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ክቡር ዘበኛም፣ ፖሊስ ሠራዊትም፣ ምድር ጦርም እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር የቴአትርና የዘፈን ቤት ሆነ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ሌሎቹም የዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን አብዛኞቹ ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ናቸው።

እነዚህ ቤቶች ለሙዚቃ ያደረጉት ውለታ እጅግ ትልቅ ነው። መሣሪያ ገዝተው ሰጡ፤ መምህር ቀጠሩ፤ ድሀ ልጅ በድምፁ ብቻ እንጀራ እንዲበላ አደረጉ። ነገር ግን ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነበር፤ በወታደር ቤት ያለውም እንደ ወታደር የሚታዘዝ፣ እንደ ወታደርም የሚቀጣ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ ነገሩ በከሸፈ ማግሥት ጥላሁን ገሠሠ ከታሰሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ዘፋኙም የሚዘፍነው ማኅበሩ ወይም ጦሩ ባዘዘው ቦታና በዓል ነበር። ሕዝቡ ድምፁን የሚሰማው በቴአትር ቤት ገብቶ፣ ወይም ሬዲዮ ሲያሰማው ብቻ ነበር። ዘፈኑን ገዝቶ በቤቱ የሚያኖርበት መንገድ አልነበረውም።

ለምን አልነበረውም ቢባል፣ ምክንያቱ በሕግ የተጻፈ ነው። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ዐዋጅ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የዐዋጁ ሐሳብ ክፉ ነበር ለማለት አይቻልም፤ የአገርን ባህል የሚጠብቅ ማኅበር የአገርን ድምፅም ይጠብቅ ማለት ለሰሚው የቀና ነገር ነው። ነገር ግን መብት ለአንድ ብቻ በተሰጠ ጊዜ፣ ያ አንዱ ቢተኛ የሚቀሰቅሰው የለም። ማኅበሩ በሥልጣኑ የዘመኑን ዘፈን እያሳተመ ለሕዝብ ሳያዳርስ ሃያ ዓመት አለፈ። በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ጐረምሳ የአሜሪካንን፣ የሕንድን፣ የሱዳንን ሸክላ ከሱቅ ገዝቶ ሲያዳምጥ፣ በየሌሊቱ በከተማው መድረክ የሚሰማውን የአገሩን ዘፋኝ ግን በሸክላ ማግኘት አልቻለም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በዚህ ነገር ላይ ተፈጸመ።

በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ወጣት ተነሡ። ማኅበር ወይም ባንክ አልደገፋቸውም፤ ከመንግሥት ቤትም የተሾሙ አልነበሩም። ነጋዴ ነበሩና ገዢው የሚፈልገውን ዐወቁ፤ ሙዚቃ ወዳጅ ነበሩና የሚፈለገው ነገር በአጠገባቸው እንዳለ አዩ። ዐዋጁ መኖሩንም ሳያውቁ አልቀሩም። እያወቁ በ1969 «አምሃ ሬከርድስ» የተባለውን የሸክላ ቤት አቋቁመው፣ አለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» የተባለውን ዘፈን የዘፈነበትን ሸክላ አወጡ። የሀገር ፍቅር ሰዎች ተቈጡ፤ ሕግ ተደፈረ ብለው ሊከሱ ዛቱ። ነገር ግን ሕዝቡ ሸክላውን ሲሻማ፣ ሥልጣን የተሰጠው ማኅበር ደግሞ በገበያ የሚያሳየው የራሱ ሥራ ሳይኖረው፣ ክርክሩን በኀይል ለመግፋት የሚበቃ ምክንያት ታጣ። ሥራው ሳይቆም ቀጠለ፤ ዐዋጁም ሳይሻር እንደ ሞተ ቃል ሆኖ ቀረ።

አንባቢ በዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ሕግ መተላለፍ በማንም አፍ የሚመሰገን አይደለም፤ ሁሉ የወደደውን ሕግ ብቻ የሚያከብር ቢሆን አገር አይጸናም። ሆኖም አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ቀብሮ ቢያኖረው፣ ሌላውም እንዳይነካው ቢከለክል፣ ጥፋቱ በማን ላይ ይቈጠራል? ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ተቀብሮ ቢቈይ ቈፍሮ ማውጣት ይቻል ነበር። ድምፅ ግን አይቈይም። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ሳይቀረጽ ያለፈው የስንት ሰው ድምፅ ዛሬ በምንም ዋጋ አይመለስም። አቶ አምሃ የጣሱት የሌላውን ንብረት ሳይሆን የሌላውን ዝምታ ነበር ለማለት ይቻላል። ሆኖም እንዲህ ያለ ፍርድ የሚቀለው ሥራው ካማረ በኋላ ነው፤ በ1969 ግን ወጣቱ ነጋዴ ሱቁ ቢዘጋ፣ ገንዘቡ ቢወረስ የሚመልስለት ዳኛ እንዳለ አያውቅም ነበር።

የሥራውም መንገድ ቀላል አልነበረም። በአዲስ አበባ ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ ስላልነበረ፣ ዘፈኑ በዚያው ከተማ በቴፕ ክር ላይ ይቀዳና ክሩ ባሕር ተሻግሮ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። በሚቀዳበት ጊዜ ዛሬ እንደሚደረገው አንዱ መሣሪያ ለብቻው፣ ሌላው በኋላ እየተጨመረ የሚቀዳበት ዘዴ አልነበረም። ዘፋኙም፣ ነፊውም፣ ከበሮ መቺውም በአንድ ክፍል ተሰብስበው በአንድ ጊዜ ይጫወቱ ነበርና፣ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በፋብሪካው ደግሞ ድምፁ ከቴፑ ወደ ለስላሳ ሰሌዳ በመርፌ ይቀረጻል፤ ሰሌዳው በብር ተቀብቶ በኒኬል ይለበጣል፤ ኒኬሉ ሲላቀቅ ማኅተም ይሆናል። ያ ማኅተም በሞቀ ፕላስቲክ ላይ እየተጫነ ሸክላውን ያወጣል። ማኅተም ሰም ላይ ሲጫን መልኩን እንደሚተው ማለት ነው። የተጠናቀቀው ሸክላ በሣጥን ተጭኖ ይመለስና፣ ቀረጡ በጉምሩክ ተከፍሎበት ወደ ሱቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ዘፈን ለኢትዮጵያ ሰው ለመሸጥ እንደ ባዕድ ሸቀጥ በጉምሩክ በር ይገባ ነበር ማለት ነው።

ሸክላው ትንሹ ዐይነት ነበር፤ ስፋቱ 7 ኢንች ሆኖ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በየገጹም አንዳንድ ዘፈን ይይዛል። አንድ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ የበለጠ አይችልምና፣ ይህ ልክ የዘፈኑን ጠባይ ለወጠው። አዝማሪ በግብዣ ቤት ቅኔውን እያፈለቀ፣ አድማጩን እያየ፣ ሲያሻው ሌሊቱን ሙሉ ያስረዝመው የነበረውን ዜማ፣ የሸክላ ዘፋኝ ቈርጦና አሳምሮ በጥቂት ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። ስለዚህ የአቀናባሪው ሥራ ከፍ አለ። ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄን የመሰሉ ሰዎች፣ ነሐሱ የት እንደሚገባ፣ ዘፋኙ የት እንደሚያርፍ፣ ትዝታው ወይም ባቲው ከፈረንጁ መሣሪያ ጋራ እንዴት እንደሚስማማ አስቀድመው በመወሰን ለዚያ ዘመን ሙዚቃ መልኩን ሰጡት። ከዚህ የተነሣ ዛሬ «የዚያ ዘመን ድምፅ» የሚባለው ነገር ከዘፋኞቹ ጉሮሮ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ከሸክላው ጠባብነትም የተወለደ ነው።

ከ1969 እስከ 1975 ባለው ስድስት ዓመት ውስጥ የአምሃ ቤት 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። አለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሂሩት በቀለ፣ ተሾመ ምትኩ፣ ሰይፉ ዮሐንስ፣ ሙሉቀን መለሰ በዚህ ቤት ድምፃቸውን ካስቀረጹት ውስጥ ናቸው። ጥቅሙ ሸክላ ከመሸጥ በላይ ነበር። ዘፋኙ ከወታደር ቤት ደመወዝ ሌላ መተዳደሪያ እንዳለው ዐወቀ። በራስ ሆቴልና በየሌሊት ክበቡ የሚጫወቱ፣ ለማንም ጦር ያልተመዘገቡ ባንዶች በዙ። በሱቅ በር የሚሰማ ሸክላ ስሙን ለመንገደኛው ሁሉ ያሰማለት ነበርና፣ ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ዘፋኙን በድምፁ ለየው።

አንድ ሰው በር ሲከፍት ሌሎችም ተከትለው ይገባሉ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢትዮጵያ ስም ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ፉከራ የያዘውን ታላቅ ሸክላ በ1972 ያሳተመው ይህ ኩባንያ ነው። ከዚያም አቶ ዐሊ አብደላ «ካይፋ» የተባለውን የሸክላ ቤት አቋቋሙ። ከ1969 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሸክላ ዘመን እስኪፈጸም ድረስ የወጡት ሁሉ ቢደመሩ ትንንሾቹ 500 ያህል፣ ትላልቆቹም 30 ያህል ቢሆኑ ነው። ይህ ቍጥር ለአንድ አገር ትንሽ ነው፤ በአሜሪካ ወይም በሕንድ አንድ ትልቅ ኩባንያ በአጭር ጊዜ የሚያወጣው ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን የአንድ ትውልድ ድምፅ በሙሉ በዚህች ትንሽ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመዝገቧም እጅግ የከበረው ክፍል አንድ ሰው በስድስት ዓመት የሠራው ነው።

ይሁን እንጂ የዚህን ቤት ብርታት የሚናገር ሰው ድካሙንም መሸሸግ አይገባውም። ቤቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበር፤ ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢሄድ የሚተካው አልነበረም። ማተሚያው በባዕድ አገር ስለ ነበረ የውጭ ምንዛሪና የመርከብ መንገድ ከተቋረጠ ሥራው ይቋረጣል። ገበያው የከተማ ገበያ ነበር፤ የሸክላ ማጫወቻ መግዛት የሚችል ሰው ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ውጭ በብዛት አይገኝም ነበርና፣ ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ገበሬ ይህንን ደስታ በሩቅ እንኳ አልሰማውም። በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ሲያልቅ የአዲስ አበባ የሌሊት ክበብ ይዘፍን እንደ ነበር ማስታወስ ለማንም ደስ አያሰኝም። ዘፋኞቹ ረኃቡን አላመጡትም፤ ነገር ግን የከተማው ብርሃንና የገጠሩ ጨለማ እንዲህ በተራራቁበት አገር የብርሃኑ ዕድሜ ሊረዝም አይችልም ነበር።

አብዮቱ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ፈነዳ። በፈረንጁ አቈጣጠር በዚያው በ1974 የአምሃ ቤት ያወጣው የሙላቱ አስታጥቄ ትልቅ ሸክላ «የካቲት» የሚል ስም ነበረው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሹማምንትና ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሱ፤ የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሰዓት እላፊ ታወጀና የአዲስ አበባ ሌሊት ዝም አለ፤ ይህም ዝምታ እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ ከከተማይቱ አልለቀቀም። የሸክላው ቤት ያለ ዐዋጅ ተዘጋ ማለት ይቻላል፤ የቆመባቸው ምሰሶዎች አንድ በአንድ ወደቁና። ሌሊቱ ሲዘጋ ባንዱ የሚጫወትበት ቦታ ጠፋ። የንግዱ በር ሲጠብ የውጭ ዕቃ ማስመጣት አስቸጋሪ ሆነ። በሚያዝያ ወር 1975 ደግሞ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የዘፈኑ ቃል በሳንሱር ፊት ማለፍ ግድ ሆነበት፤ ዘፋኙም እንደ ቀድሞው ወደ መንግሥት አጥር እንዲመለስ፣ በቀበሌና በጦር የኪነት ጓድ ውስጥ እንዲያገለግል ተጠራ። ስሙ ተለወጠ እንጂ የድሮው ነገር ተመልሶ መጣ፤ ዘፈን እንደ ገና የአንድ ባለቤት ንብረት ሆነ።

አቶ አምሃ በ1975 ከአገር ወጥተው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከእርሳቸው በኋላ የካይፋው አቶ ዐሊ ጥቂት ዓመት ታግለው ሸክላ አሳተሙ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» በ1975 የወጣው በዚህ በመከራ ጊዜ ነው። ነገር ግን በ1978 ገደማ የሸክላ ዘመን በኢትዮጵያ ፈጽሞ አበቃ። የመጨረሻውን ምት የመታው መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ካሴት የሚባለው አዲስ ዕቃም ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ ፋብሪካም ባሕር መሻገርም አይፈልግም፤ ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ መገልበጥ ይችላል። ለአድማጭ ይህ በረከት ነበር፤ ዘፈኑ ሸክላ ያልደረሰበት ገጠር ድረስ ዘልቆ ገብቷልና። ለአሳታሚና ለዘፋኝ ግን አንዱ ገዝቶ ዐሥሩ የሚገለብጠው ዕቃ መተዳደሪያን የሚያደርቅ ሆነ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የሚናገር አንቀጽ ቢኖረውም፣ ሸክላና ካሴት አሳታሚን ለይቶ የሚጠብቅ ዐዋጅ በኢትዮጵያ የወጣው በ2004 ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ፣ ካሴት የሸክላን ቤት እያስደሰተ ወሰደው።

የዘፋኞቹም ዕጣ እንደየጊዜው ተለያየ። አለማየሁ እሸቴ በአገሩ ቀረ። ግርማ በየነ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከሙዚቃ ርቆ ለረጅም ዓመታት ኖረ። ሌሎችም ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹም ዝም አሉ። በአዲስ አበባ ሱቅ የቀሩት ሸክላዎች ተቧጠጡ፤ ተሰበሩ፤ ከነማጫወቻቸው ወደ ጓዳ ተጣሉ። የአምሃን ቤት የሚያስታውሱ ሰዎች ሲያንሱ፣ ሥራው ያለ ምስክር ሊቀር ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነገሩ እንደ ገና የተነሣው ከማይታሰብ ወገን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ የፈረንሳይ ሰው በ1980ዎቹ መካከል አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ በእጃቸው ገባና ሰምተው ተደነቁ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚወለድበት አገር እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ብለው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው መጠየቅ ጀመሩ። በ1986 «እረ መላ መላ» በብራስልስ ከተማ ታትሞ ለአውሮጳ ሕዝብ ተሰማ። ከዚያም ፋልሴቶ ሸክላ በሸክላ እያሠሡ፣ የድሮዎቹን አሳታሚዎች እየፈለጉ ከአቶ አምሃ ጋራ ተገናኙ፤ የሥራውም ባለቤት ፈቃዳቸውን ሰጡ። በ1997 በፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ በተባለው አሳታሚ ቤት «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ መድበል መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች ካሰባሰቡት ዘፈን ብዙው የአምሃ ቤት ሥራ ነበር። ተከታታዩ በ2017 30ኛውን ጥራዝ አወጣ፤ ያም ጥራዝ ያ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ርቆ የኖረው ግርማ በየነ በሽምግልናው እንደ ገና የዘፈነበት ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ባሰማ ጊዜ፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ እንኳ ያልፈለገ ሰው ይህ ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

አቶ አምሃ ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ የጣሉት ዘር በሩቅ አገር ሲበቅል ለማየት ዕድሜ አገኙ። በ2021 አረፉ፤ የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነላቸው አለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተላቸው። የአሳታሚና የድምፃዊ ሥራ በአንድ ሸክላ ተጀምሮ፣ ዕድሜያቸውም በአንድ ዓመት ተፈጸመ።

ይህ ታሪክ ለተመለከተው ሰው ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ የጠባቂነት ክብር የሚገኘው ከተሰጠ ሥልጣን ሳይሆን ከተሠራ ሥራ መሆኑን ነው። በዐዋጅ ባለ መብት የነበረው ማኅበር ትልቅ ሕንጻና ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ ዛሬም በቦታው ቆሞ ይታያል። ያ ትውልድ ምን እንደ ዘፈነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የሚሄደው መብት ወዳልነበረው፣ ስድስት ዓመት ብቻ ኖሮ ወደ ፈረሰው ትንሽ ቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። የአምሃ ሸክላ ተጠብቆ የተገኘው በገዛ አገሩ ቤተ መዛግብት ውስጥ አይደለም፤ ባዕድ ሰው ደጅ ለደጅ ዞሮ ለቅሞ፣ በባዕድ ከተማ አሳትሞት ነው። ለዚያ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ዐፄ ገላውዴዎስ የያሬድን ዜማ የሚጠብቅለት ሊቅ ለመፈለግ ባሕር አልተሻገረም፤ በቤቱ አገኘው። ዛሬ በየከተማውና በየገጠሩ ያለ ሽማግሌ አዝማሪ፣ ያለች እንጉርጉሮ ዐዋቂ እናት፣ ሳይቀረጹ በየዓመቱ ወደ መቃብር ይወርዳሉ። የመቅረጫው መሣሪያ እንደ ዱሮው ከሕንድና ከሊባኖስ የሚጠበቅ አይደለም፤ በየሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ለዝምታው የሚሰጥ ምክንያት አልቋል፤ የቀረው በ1969 የአንድ ሱቅ ባለቤት የነበረው ፈቃድ ብቻ ነው።